ባንዲራው የወጣው ለምንድን ነው? ከጅማ ለደረሱን የኦፍሳይድ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም ገጻችንን ለአንድ ሕግ ብቻ ለቀናል። ከጅማ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው በእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 11፣ ማለትም በኦፍሳይድ ላይ የተጻፉ ናቸው። አንድ ላይ ሲነበቡ ጭቅጭቁ የሚነሳበት ቦታ ይታያል። ተመልካች ዓይኑን የሚጥለው ኳሷ በደረሰችበት ላይ ነው፤ ሕጉ ግን የሚፈርደው ኳሷ በተነሳችበት ቅጽበት ነው።

ጥያቄ፦ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከልጆቼ ጋር እልል ብያለሁ። ቤት ውስጥ ጨዋታ ሲታይም አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ኦፍሳይድ ሲባል ግን ሁሉም ይጮሃል እንጂ የሚያስረዳኝ የለም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ።
— እናት፣ ከመንደራ ቆጪ

መልስ፦ እናታችን፣ የእርስዎን ደብዳቤ ያስቀደምነው የሌሎቹ መልሶች በሙሉ በእሱ ላይ ስለሚቆሙ ነው። አራት የለስላሳ ቆርኪና አንድ የቡና ፍሬ ይዘው ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጡ።

ጠረጴዛው ሜዳ ነው፤ የቀኝ ጫፉ የተጋጣሚ ጎል። ከጫፉ አጠገብ አንድ ቆርኪ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ በረኛው ነው። ከእሱ አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሀል ሌላ የተገለበጠ ቆርኪ ያድርጉ፤ ይሄ ተከላካዩ ነው። ያልተገለበጡት ሁለቱ አጥቂዎች ናቸው። አንደኛው አጥቂ ጠረጴዛው መሀል ላይ የቡናዋን ፍሬ ይዞ ይቁም፤ ሁለተኛውን በተከላካዩና በበረኛው መካከል ያስገቡት። አሁን ፍሬዋን ወደ እሱ ቢገፏት ኦፍሳይድ ነው።

ለምን? ፍሬዋ ከአቀባዩ በተለየችበት ቅጽበት ሁለተኛው አጥቂ ሦስት ነገር አሟልቷል። በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከኳሷ ይልቅ ለጎሉ መስመር ቀርቧል፤ ከጎሉ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛ የሆነውን ተጋጣሚም አልፎታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ኦፍሳይድ የለም። ቆርኪውን ከተከላካዩ ጎን ለጎን መልሰው ይሞክሩት፤ እኩል መሆን አያስቀጣም። ወይም አጥቂውን እዚያው ትተው ኳስ የያዘውን ጓደኛውን ከእሱ አሳልፈው ለጎሉ ያስጠጉት፤ ኳሷ ቀድማለችና ወደ ኋላ ብትሰጠው አሁንም ኦፍሳይድ የለም።

አንድ ነገር ይጨመር። እዚያ ቦታ ላይ መቆም ብቻውን ጥፋት አይደለም። ዳኛው ፊሽካ የሚነፋው የቆመው ሰው ኳሷን ሲነካ፣ ተጋጣሚን ሲያውክ ወይም ከቦታው ሲጠቀም ነው። ልጆችዎ «ቆሟል እኮ!» ብለው ሲጮሁ «ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቋቸው።

ሕጉ ባይኖር አጥቂው ከበረኛው አጠገብ ቆሞ ረጅም ኳስ ሲጠብቅ ይውል ነበር። በጥንቱ ሕግ በአጥቂውና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚ መኖር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1925 ሁለት ይበቃል ተባለ፤ በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በአንድ የውድድር ዓመት ይቆጠር የነበረው ጎል ወዲያው ከ1,192 ወደ 1,703 ዘለለ። እኩል የቆመ ነጻ ነው የተባለው ደግሞ በ1990 ነው።

ጥያቄ፦ አጥቂ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ኳሱ ሲደርሰኝ ከተከላካዩ አምስት ሜትር ያህል ቀድሜ ስለነበር ጎሉ ተሻረ። እኔ ግን ሲመታ እኩል ነበርኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ራሳችን ሜዳ ተመልሼ ኳስ ስቀበል ኦፍሳይድ ተባልኩ። ሁለቱም ትክክል ነው?
— ተጫዋች፣ ከሕርማታ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሲመታ እኩል ከነበርክ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ትክክል ሊሆን ይችላል።

አምስት ሜትሩን እናስላው። ሙሉ ፍጥነት የያዘ አጥቂ በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይሮጣል። ወደ ፊት የሚወጣ ተከላካይ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ በሰከንድ 3 ሜትር ይራመዳል እንበል። በመካከላችሁ ያለው ርቀት በየሰከንዱ 10 ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። ስለዚህ ሲመታ እኩል ከነበራችሁ፣ ኳሷ ግማሽ ሰከንድ ብቻ አየር ላይ ብትቆይ ስትደርስህ 5 ሜትር ቀድመህ ትገኛለህ። በእነዚህ ቁጥሮች አምስቱ ሜትር ጥፋትህን አያሳይም፤ ጥሩ ሰዓት ላይ መነሳትህን ነው የሚያሳየው። ኳሷን ሲከተል ቆይቶ ቀና ያለ ረዳት ዳኛ ግን የሚያገኘው የመጨረሻውን ሥዕል ነው። ከምቱ በኋላ አንድ አስረኛ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ እንኳ አንድ ሜትር ይሳሳታል።

ቅጽበቱ የሚያዘው የአቀባዩ እግር ኳሷን መጀመሪያ ሲነካ ነው። በረኛ በእጁ ሲወረውር ብቻ፣ ከ2025/26 ጀምሮ ሕጉ እንደሚለው፣ ኳሷ ከእጁ የምትለቅበት የመጨረሻው ንክኪ ይወሰዳል። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ይህን ቅጽበት ለመያዝ ኳሷ ውስጥ የገባው መሣሪያ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልክ ነበር። ጣራው ሥር የተሰቀሉት 12 ካሜራዎች ደግሞ የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር። ያ ሁሉ ወጪ የወጣው አንተ ለጠየቅከው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ በዚሁ መለኪያ ይፈታል። ኳሷ ስትመታ በተጋጣሚ ሜዳ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ከነበርክ፣ ወደ ኋላ ሮጠህ በራስህ ሜዳ ብትቀበላትም ጥፋት ነው። ቅጣት ምቱም የሚመታው ኳሷን ከነካህበት፣ በራስህ የሜዳ ክፍል ውስጥ ነው። ሲመታ የመሀል መስመሩን ያላለፍክ ከሆነ ግን ኦፍሳይድ ሊሰጥብህ አይችልም፤ መስመሩ ራሱ ከራስህ ሜዳ ይቆጠራል።

ለልምምድ፦ በቀጥታ ወደ ጎል አትሩጥ። ከተከላካዮቹ መስመር ጋር ትይዩ ጎን ለጎን እየሮጥክ ፍጥነት ያዝ፤ የአቀባዩ እግር ወደ ኋላ ሲነሳ ሳይሆን ኳሷን ሲነካ ወደ ጎል እጠፍ። ብዙ አጥቂ የሚያዘው እግሩ ሲነሳ አይቶ ስለሚፈተለክ ነው።

ጥያቄ፦ በረኛው ወጥቶ ነበር፤ ጎሉ መስመር ላይ አንድ ተከላካይ ቀርቷል። አጥቂው ከቅርብ ርቀት አስቆጠረ፤ ተሻረ። ከፊቱ ሰው እያለ እንዴት ኦፍሳይድ ይሆናል?
— ከጅረን

መልስ፦ በዚህ ቆጠራ ሕጉ በረኛ የሚባል ሰው ለይቶ አያውቅም፤ የሚቆጥረው ተጋጣሚን ነው። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው በረኛው ስለሆነ ዓይናችን «ተከላካይ ካለ ነጻ ነው» ማለትን ለምዷል። በረኛው ሲወጣ መስመር ላይ የቀረው ተከላካይ የመጨረሻው ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ በረኛው ወይም ሌላ ጓደኛው ነው። አጥቂው ያንን ሁለተኛ ሰውና ኳሷን ካለፈ፣ ከፊቱ አንድ ሰው ቢኖርም ኦፍሳይድ ነው።

ሰኔ 11 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ መክፈቻ የሜክሲኮው ካርሎስ ቬላ ያገባት ጎል የተሻረችው በዚህ ነው፤ በረኛው ኩኔ ወጥቶ ስለነበር መስመሩ ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ብዙ ተመልካች ደቡብ አፍሪካ የተደገፈች መሰለው፤ ውሳኔው ግን ጥንቅቅ ያለ ነበር።

ጥያቄ፦ ኳስ ተከላካይ ከነካ ኦፍሳይድ ይፈርሳል ሲባል እሰማለሁ። አንዳንዴ ግን ነክቶም ኦፍሳይድ ይሰጣል። የቱን እንያዝ?
— ከበቾ ቦሬ

መልስ፦ ከዘንድሮ ደብዳቤዎች ከባዱ ይሄ ነው። ዳኞችም በሜዳ ላይ የሚቸገሩበት ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንየው።

«ነካ» የሚለውን ቃል ተዉት። ጥያቄው ተከላካዩ ኳሷን አስቦ *ተጫወታት* ወይስ ገጭታው *አለፈች* ነው። አስቦ ከተጫወታት፣ ለምሳሌ ለበረኛው ሊመልሳት መትቶ አጥቂው እግር ላይ ከጣላት፣ አጥቂው ቀድሞ የቆመበት ቦታ ይረሳል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ገጭታው አቅጣጫ ብቻ ከቀየረች ግን እንዳልነካት ይቆጠራል፤ አጥቂው ኦፍሳይድ ነው።

ችግሩ እግሩን ዘርግቶ በጫማው ጫፍ የነካት ተከላካይ ላይ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ፈረንሳይ ስፔንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ምባፔ ያገባት ጎል እንዲህ ነበረች። ምባፔ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነበር፤ የስፔኑ ተከላካይ ኤሪክ ጋርሲያ ኳሷን ሊያቋርጥ ተንሸራትቶ ሳይቆጣጠራት ነካት፤ «ሊጫወታት ሞክሯል» ተብሎ ጎሉ ጸደቀ። እንዲህ ከሆነማ የሚሞክር ተከላካይ ይቀጣል፣ ቆሞ የሚያይ ይሸለማል። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ሕግ አውጪው አካል ማብራሪያ ያወጣው ለዚህ ነው፤ በእኛ እምነት ከቅርብ ዓመታት ለውጦች እጅግ ፍትሐዊው ነው።

በማብራሪያው መሠረት ዳኛው ተከላካዩ ኳሷን የመቆጣጠር ዕድል ነበረው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኳሷ ከሩቅ መጥታ በደንብ አይቷታል? ፍጥነቷ ቀስ ያለ ነበር? አመጣጧ ያልተጠበቀ አልነበረም? ሰውነቱን ለማስተካከል ጊዜ ነበረው፣ ወይስ ተዘርግቶ፣ ዘሎ በግድ ደረሰባት? መሬት ላይ የምትንከባለል ኳስም አየር ላይ ካለችው ትቀላለች። ዕድሉ ከነበረው ቢስትም አስቦ ተጫውቷታል፤ ካልነበረው ንክኪው አይቆጠርም።

ጎልን ማዳን ለብቻው ነው። በረኛውም ሆነ መስመር ላይ የቆመ ተከላካይ ወደ ጎል የምትሄድ ኳስ ሲያድን፣ ምንም ያህል አስቦ ቢያደርገው ኦፍሳይዱ አይፈርስም። ቋሚ ወይም አግዳሚ መትታ ስትመለስም እንዲሁ ነው። ጓደኛህ ሲመታ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ከነበርክ በረኛው የተፋትን ኳስ ብታስገባ ጎል አይደለም። በየሰፈሩ ሜዳ «በረኛው ነክቷት የለ!» እየተባለ የሚጸድቁ ጎሎች ብዙዎቹ መሻር የሚገባቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ጨዋታ የምናይበት ቤት ውስጥ ሁሌ የሚያጣላን ኳስ ያልነካ ሰው ነው። አንዳንዴ ጎል ያሽራል፣ አንዳንዴ አያሽርም።
— ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ያልነካ ሰው ጎል የሚያሽረው ተጋጣሚን ካወከ ነው። አንደኛው በረኛው ኳሷን እንዳያይ በግልጽ ሲጋርደው ነው። ድጋሚ ምስል ሲመጣ ከጎሉ ጀርባ ያለውን ካሜራ ጠብቁ፤ መቺው፣ ቆሞ ያለው ሰውና የበረኛው ዓይን በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ይሻራል። ሁለት ሜትር ወደ ጎን ከሆነ ግን ምንም ያህል ቅርብ ቢቆም አልጋረደም። ሌሎቹ፦ ኳሷን ለማግኘት ከተጋጣሚ ጋር መታገል፣ አጠገቡ ያለችን ኳስ ሊመታ ሞክሮ በሙከራው ተጋጣሚን ማደናገር፣ ወይም ተጋጣሚ ኳሷን የመጫወት ዕድሉን በግልጽ የሚነካ እንቅስቃሴ ማድረግ ናቸው።

ጥር 14 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ደርቢ የዩናይትዱ ራሽፎርድ ኦፍሳይድ ቦታ ሆኖ ኳሷን እየተከተለ ሮጠ፤ ሳይነካት የቡድን ጓደኛው ብሩኖ ፈርናንዴዝ ደርሶ አገባት፤ ጸደቀች። «አልነካም» የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን የሲቲ ተከላካዮችና በረኛው የተንቀሳቀሱት ራሽፎርድን እያዩ ነበር። ያ ጎል መሻር ነበረበት ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ከአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተላኩ አጫጭር ጥያቄዎች፦ በእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ አለ? እጅ ይቆጠራል? ተከላካይ ከሜዳ ቢወጣ አጥቂውን ኦፍሳይድ ያደርገዋል?
— ከጊንጆ

መልስ፦ ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከመልስ ምት በቀጥታ ለተቀበለ ሰው ኦፍሳይድ የለም። ቀጥሎ ያለው ቅብብል ግን ይቆጠራል፤ የማዕዘን ምቱን የመታው ልጅ ከጓደኛው ጋር ተቀባብሎ ኳሷ ስትመለስለት ብዙ ጊዜ ኦፍሳይድ የሚሆነው በዚህ ነው። የመልስ ምትና በረኛው ከእጁ ለቆ የሚለጋት ኳስ እንዳይምታቱባችሁ፤ በሁለተኛው ኦፍሳይድ አለ። በቅጣት ምትም አለ። እጅና ክንድ ለአጥቂም፣ ለተከላካይም፣ ለበረኛም አይቆጠርም፤ ክንድ የሚጀምረው ከብብት በታች ነው፣ ትከሻ ግን ይቆጠራል። ሳይፈቀድለት ከሜዳ የወጣ ተከላካይ ጎሉ መስመር ወይም የጎን መስመር ላይ እንደቆመ ይታሰባል። ይህም የሚሠራው ጨዋታው እስኪቋረጥ ወይም ቡድኑ ኳሷን ወደ መሀል መስመር ተጫውቶ ከቅጣት ምት ክልሉ እስኪያወጣት ነው። አጥቂን ለማስያዝ ብሎ ከመስመር መውጣት አይሠራም።

ጥያቄ፦ ከ15 ዓመት በታች ልጆች አሠለጥናለሁ። የኦፍሳይድ ወጥመድ ላስተምራቸው ስል በየጨዋታው ጎል ይገባብናል። ስህተቱ የት ነው?
— አሠልጣኝ፣ ከኪቶ

መልስ፦ ወጥመዱ ተከላካዮች ኳሷ ከመመታቷ በፊት አብረው ወደ ፊት ወጥተው አጥቂውን ኦፍሳይድ ቦታ ላይ መተው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ኳሷ ካለችበት በተቃራኒ ያለው የመስመር ተከላካይ ላይ ነው። ሦስቱ ሲወጡ እሱ የራሱን ሰው እያየ ይቀራል፤ አንድ እርምጃ የቀረ አንድ ልጅ አጥቂውን ሁሉ ነጻ ያወጣል። ስለዚህ ጥሪውን የሚያሰማው አንድ ብቻ ይሁን፤ ከመሀል ተከላካዮቹ አንዱ። ሩቁ የመስመር ተከላካይም ሰውነቱን ወደ ሜዳው ከፍቶ፣ ኳሷንም ጓደኞቹንም በአንድ እይታ የሚያይበትን አቋቋም ይለማመድ።

መውጫው ሰዓት የሚወሰነው በአቀባዩ ሁኔታ ነው። ኳሷ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ አቀባዩ ጀርባውን ሲሰጥ ወይም አንገቱን ደፍቶ ሲጫን አራቱም ከ3 እስከ 5 ሜትር ይውጡ። ነጻ ሆኖ ቀና ያለ አቀባይ ፊት መውጣት ግን ጎል መጋበዝ ነው፤ እዚያ ጊዜ ወደ ኋላ መውረድ ይሻላል። በረኛውም ከጀርባቸው ያለውን ባዶ ቦታ እንዲሸፍን ከጎሉ ወጣ ብሎ ይቁም። ለእነዚህ ልጆች ወጥመዱን ትተው መስመር ጠብቆ አብሮ መውጣትና መውረድን ቢያስቀድሙ እንመክራለን። ወጥመድ የሚሠራው ባንዲራ የያዘ ጥሩ ረዳት ዳኛ ባለበት ነው፤ በልጆች ጨዋታ እሱ ብዙ ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ውድድር መስመር ዳኛ ሆኜ እንድቆም ተመርጫለሁ። ሕጉን አውቃለሁ፤ አቋቋሙን ግን አላውቅም።
— ወጣት፣ ከቦሳ ኪቶ

መልስ፦ እህታችን፣ ጅማ ያፈራቻት ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የሴቶች ዓለም ዋንጫ በዳኝነት ተሰልፋለች፤ መንገዱ የተጠረገ ነው።

አቋቋምሽ ከሁለተኛው የመጨረሻ ተጋጣሚ ጋር በአንድ መስመር ነው፤ ኳሷ ከእሱ አልፋ ለጎሉ ከቀረበች ከኳሷ ጋር። አጭር ርቀት ስትሄጂ ፊትሽን ለሜዳው ሰጥተሽ በጎን ተራመጂ፤ እሱ ሲሮጥ ብቻ አንቺም ፊት ለፊት ሩጪ።

ሁለት ሜትር ወደ መሀል መስመሩ ብትዘገዪ ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ተከላካዩ ከአንቺ 20 ሜትር ርቆ ቆሟል። በ10 ሜትር ላይ፣ ማለትም ባንቺ በኩል፣ ከእሱ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ ካለ አንድ ሜትር የቀደመ ይመስልሻል፤ ነጻውን ትቀጫለሽ። በ40 ሜትር፣ በወዲያኛው ጎን፣ በእውነት ሁለት ሜትር የቀደመው ደግሞ እኩል መስሎ ይታይሻል፤ ጥፋተኛውን ትለቂያለሽ። ዓይንሽ ደህና ነው፤ የሚሳሳተው የቆምሽበት ቦታ ነው።

የምቱን ቅጽበት ለመያዝ ዓይንሽን መስመሩ ላይ አድርጊ፤ ምቱን በጆሮሽ ያዢው። የጫማና የኳስ ድምፅ ሲሰማሽ የሚታይሽን ሥዕል ቀርጸሽ አስቀምጪ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ኳሷ ወደ ማን እንደሄደች ተመልከቺ። ባንዲራ ለማንሳት አትቸኩዪ። ኦፍሳይድ ቦታ የነበረው ሰው ኳሷን እስኪነካ ወይም ተጋጣሚ እስኪያውክ ጠብቂ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ጓደኛው ከወሰዳት ጨዋታው ይቀጥላል።

ስታነሺ በቀኝ እጅሽ ቀጥ አድርገሽ አንሺ፤ ሜዳው አይጋረድብሽም። ዋናው ዳኛ ሲነፋ ቦታውን አሳዪው፦ ጥፋቱ በወዲያኛው ጎን ከሆነ ባንዲራው ከትከሻ ከፍ ብሎ ያዘንብል፣ መሀል ከሆነ ከትከሻ እኩል ይዘርጋ፣ ባንቺ በኩል ከሆነ ወደ ታች ያዘንብል። ቅጣቱ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፤ ዳኛው ኳሷ ሌላ ሰው እስክትነካ ወይም ከሜዳ እስክትወጣ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ይቆያል።

በክረምት የጅማ ዝናብ የኖራውን መስመር ስለሚያጥበው ከጨዋታው በፊት የመሀል መስመሩን ጫፍ በእንጨት ችካል አስምሪ፤ ችካሉ ግን ከጎን መስመሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ወጣ ብሎ ይተከል። ባንዲራ ከሌለ ቢጫ ወይም ቀይ ጨርቅ በዱላ ላይ እሰሪ፤ የአንዱን ቡድን ማልያ ቀለም አትምረጪ።